ትንሽ ወረቀት፣ ታማኝ ምስክር፤ ስለ ቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻችን የቀረበ ትምህርት



በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ስለ ትንንሽ ወረቀቶች ነው። ደረሰኝ፣ የብድር ውል፣ ደብዳቤ፣ የግብር ዝርዝር፣ በመጽሐፍ ኅዳግ ላይ የሰፈረ ማስታወሻ ዘወትር ከዓይናችን ስለማይጠፉ ከቁም ነገር አንቆጥራቸውም። ነገር ግን ሰው ከኖረበት መንደር ሲለይ፣ ቤቱ ሲፈርስ፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎችም ሲያልፉ፣ «እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ነበረ፤ ይህን ሠራ፤ ይህን ሸጠ፤ ዕዳውንም ከፈለ» ብለው የሚመሰክሩለት ብዙ ጊዜ እነዚሁ ትንንሽ ወረቀቶች ናቸው።

ከወረታ ተነሥቶ በአዲስ ዘመን፣ በእንፍራዝና በማክሰኚት በኩል ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ጎንደር ከመድረሱ በፊት ተዳን ያልፋል፤ ከጎንደር በስተ ሰሜን ወለቃን ያገኛል፤ ወደ ውስጥ ገባ ብሎም አምቦበር አለ። እነዚህና በደንቢያ፣ በወገራ፣ በበለሳ፣ በሰሜን የነበሩ ብዙ መንደሮች ለመቶዎች ዓመታት የቤተ እስራኤል መኖሪያዎች ነበሩ። ዛሬ አብዛኞቹ የቤተ እስራኤል ልጆችና የልጅ ልጆች በእስራኤል አገር ይኖራሉ። በእኛ ዘንድ የቀረው በአብዛኛው ስለ እነርሱ የሚወራው ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም፣ አብሮን ስለ ኖረ ጎረቤት የምንናገረው በወሬ ነው ወይስ በምስክር?

1. የቤት ወረቀት በቅዱሳት መጻሕፍት

ቅዱሳት መጻሕፍት የነገሥታትን አዋጅና የነቢያትን ራእይ ብቻ የያዙ የሚመስለን ከሆነ፣ ሦስት ቦታዎችን ገልጠን እንመልከት።

የመጀመሪያው በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 32 የሚገኘው ታሪክ ነው። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከብባ ሳለች ነቢዩ በዓናቶት ያለውን የአጎቱን ልጅ እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ። ብሩ በሚዛን ተመዘነ፤ ውሉ ተጻፈ፤ ምስክሮች ፈረሙበት፤ ባሮክም ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው ታዘዘ። ሁሉ በሚጠፋበት ሰዓት አንድ ተራ የግዢ ውል የተስፋ ምልክት ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው በመጽሐፈ ጦቢት ያለው ነው። ጦቢት በሜዶን ለሚኖረው ለገባኤል 10 መክሊት ብር በአደራ ሰጥቶ ነበር። ዓይነ ስውር ሆኖ በችግር ላይ ሲወድቅ ልጁን ጦብያን ወደዚያ የላከው የአደራውን ጽሑፍ በእጁ አስይዞ ነው። ዓመታት አልፈው ሳለ አደራው ሳይጎድል የተመለሰው የሰዎቹ ታማኝነትና ያ ጽሑፍ በአንድነት ስለ ቆሙ ነው።

ሦስተኛው የቅዱስ ጳውሎስ መልእክት ወደ ፊልሞና ነው። ሐዋርያው ስለ አናሲሞስ ሲማልድ፣ ዕዳ ካለበት በራሱ ላይ እንዲቆጠር በገዛ እጁ ጽፎ አረጋገጠ። ያች አጭር መልእክት ዋስትናን የያዘች ደብዳቤ ናት፤ ቤተ ክርስቲያንም ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር አንድ አድርጋ ጠብቃታለች።

2. በሌላው ዓለም የተገኙ ወረቀቶች

አይሁድ የእግዚአብሔር ስም ሊኖርበት የሚችልን ጽሑፍ ከቆሻሻ ጋር አይጥሉም፤ በአንድ ክፍል ያከማቹታል። በግብፅ በአሮጌው ካይሮ በሚገኘው በቤን ዕዝራ ምኩራብ እንዲህ ባለ ክፍል የተከማቸውን ጽሑፍ ሰሎሞን ሼክተር የተባሉ ሊቅ በ1896 እና በ1897 እ.ኤ.አ. መርምረው ብዙውን ወደ ካምብሪጅ ወሰዱ። ከዚያ የወጡት ቁርጥራጮች ከ300,000 በላይ እንደሆኑ ይነገራል። ከጸሎት መጻሕፍት ጋር የነጋዴዎች ደብዳቤ፣ የጋብቻ ውል፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የብድር ማስታወሻ ተገኘ። በቀይ ባሕር ስለሚያልፉት መርከቦችና በኤርትራ ጠረፍ አቅራቢያ ስላለው ስለ ዳህላክ ደሴት የሚያነሡም አሉባቸው። ነጋዴዎቹ ለታሪክ ብለው አልጻፉም፤ ዕቃቸው በሰላም እንዲደርስ ብለው ጻፉ እንጂ። የዘመናቸውን ኑሮ የምናውቀው ግን በእነርሱ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በፖላንድ ትናንሽና ትላልቅ ከተሞች አይሁድ ባለሱቆች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ጫማ ሠሪዎችና ጋጋሪዎች በብዛት ይኖሩ ነበር። የናዚ ጀርመን ሠራዊት የዋርሶን አይሁድ በ1940 እ.ኤ.አ. በአጥር ውስጥ ሲዘጋባቸው፣ አማኑኤል ሪንገልብሉም የተባሉ የታሪክ ሊቅ ጓደኞቻቸውን አስተባብረው የኑሮውን ማስረጃ ሁሉ በምስጢር መሰብሰብ ጀመሩ። የሰበሰቡት ሐተታ ብቻ አልነበረም፤ የራሽን ካርድ፣ የባቡር ትኬት፣ የቲያትር ማስታወቂያ፣ የከረሜላ መጠቅለያ ወረቀት ሳይቀር ነበር። ይህንን በብረት ሣጥንና በወተት ማመላለሻ ቆርቆሮ አድርገው ከመሬት በታች ቀበሩት። ከፊሉ በ1946፣ ሌላው በ1950 እ.ኤ.አ. ተቆፍሮ ወጣ። ሪንገልብሉም ራሳቸው በ1944 እ.ኤ.አ. ተገድለዋል። እነዚህ ሰዎች የገባቸው ነገር ነበረ፤ ገዳዩ ሰውን ብቻ ሳይሆን የሰውየውን ታሪክም ጽፎ ሊጨርስ እንደሚፈልግ ተረድተው፣ በራሳቸው ወረቀት ተቃወሙት።

3. በእኛ አገር ወረቀቱ ለምን አነሰ?

ወደ አገራችንና ወደ ጎረቤታችን ኤርትራ ስንመለስ፣ ከዓደን የመጡ አይሁድ ነጋዴዎች በአስመራና በአዲስ አበባ ሱቅ ከፍተው ይነግዱ ነበር፤ በአስመራ በ1906 እ.ኤ.አ. የተሠራው ምኩራብ ዛሬም ቆሟል። በመርከብ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ያለ ደረሰኝና ያለ ሒሳብ መዝገብ ሥራው ስለማይሄድለት ወረቀት ትቶ ያልፋል። የቤተ እስራኤል ኑሮ ግን ከዚህ የተለየ ነበር። እነርሱ ሱቅ አልነበራቸውም፤ አንጥረኞች፣ ሸማኔዎች፣ ግንበኞች፣ አናጢዎችና አራሾች ነበሩ፤ ሴቶቹም ሸክላ ይሠሩ ነበር። ማረሻና ማጭድ፣ እንስራና ጀበና ገበያ ላይ ሲሸጥ ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ዋጋው ይከፈላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ከፎገራ በስተ ሰሜን በሚገኘው፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ስመ ጥር በነበረው በይፋግ ገበያም አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር እጅ በእጅ ይለዋወጥ ነበር፤ ብድር ቢኖርም የሚጸናው በዋስና በእማኝ ቃል ነበር። የቤተ እስራኤል ሰው ሰንበትን አጥብቆ ስለሚጠብቅ ቅዳሜ በሚቆም ገበያ ላይ አይገኝም፤ ያ ባዶ ቦታ ራሱ አንድ ምልክት ነበር።

በጎንደር ዘመን ወረቀት፣ ይልቁንም ብራና፣ የሚከተለው መሬትን ነበር። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የጎንደር ሰዎች ርስትና ቤት ሲሸጡና ሲገዙ ውሉን በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ያስጽፉ ነበር። የሻጩና የገዢው ስም፣ በወርቅ ወይም በአሞሌ የተቆረጠው ዋጋ፣ ዳኛው፣ እማኞቹና ዋሱ በዝርዝር ይገኛሉ። እንግዲህ ርስት የሌለው ሰው በእንዲህ ያለው መዝገብ ውስጥ እንዴት ይገባል? ትውፊቱ እንደሚያስረዳው በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ የአባቱን ርስት ሊወርስ የሚችለው የተጠመቀ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ፤ «ፈላሻ» የሚለውም ስያሜ ርስት አልባ፣ ፈላሲ ከሚለው ሐሳብ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ሰዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩት ግን ቤተ እስራኤል ብለው ነው። ከርስት የተለየ ሕዝብ ከመዝገብም ተለየ፤ የሌላውን መሬት እያረሰ፣ በእጁም ጥበብ እያደረ ኖረ። የጎንደር ነገሥታት ቤተ መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ሲያሠሩ ከቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ሹመትና መሬት ያገኙ ነበሩ። ዘመነ መሳፍንት ሲመጣና የነገሥታቱ ሥራ ሲቆም ያም ቀረ።

በመዝገብ ላይ ስማቸው በጉልህ የተነሣበት አንድ ጊዜ አለ። በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን በጎንደር የተደረገ ጉባኤ ሃይማኖታቸው ከቤተ መንግሥቱ ሃይማኖት የተለየ ሰዎችን በሚመለከት ወሰነ። «ፈረንጆች» የተባሉት የካቶሊክ እምነት ተከታዮች እምነታቸውን እንዲለውጡ ወይም አገር ለቀው እንዲወጡ፣ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ፣ «ካይላ» የተባሉት ቤተ እስራኤልም ከክርስቲያኖች ጋር ተቀላቅለው እንዳይኖሩ ታዘዘ። እኛ ካቶሊካውያን ይህን ስናነብ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የእኛ የቀድሞ ወንድሞችና ቤተ እስራኤል በአንድ ውሳኔ ውስጥ ተጽፈዋል። ይህን የምናነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ በሌላው ላይ የሚጻፍ ቃል ነገ በማን ላይ ሊጻፍ እንደሚችል እንድናስተውል ነው እንጂ።

4. የቀሩት አሻራዎች

ወረቀቱ ያነሰ ቢሆንም ጨርሶ አልጠፋም። በአራት ክፍል ልንመለከተው እንችላለን።

ሀ. ብራና። ቤተ እስራኤል ኦሪትንና የጸሎት መጻሕፍትን በግዕዝ ያነብቡ ነበር። ከእነዚህ መጻሕፍት አንዳንዶቹ ከክርስቲያን ጸሐፊዎች የተገዙ ወይም ከክርስቲያን መጻሕፍት የተገለበጡ ናቸው። በመግቢያቸው የሥላሴ ስም የነበረበት ተፍቆ በቦታው ለእስራኤል አምላክ የሚቀርብ ምስጋና ተተክቶ የተገኘባቸው አሉ። ያ የተፋቀ ቦታ ሁለት ነገር ያስተምራል፤ ሁለቱ ሕዝቦች በእምነት እንደተለያዩ፣ ነገር ግን ብራናና ቀለም፣ ፊደልና ቋንቋ እንደተካፈሉ።

ለ. ደብዳቤ። በ1848 እ.ኤ.አ. አንቷን ዳባዲ የተባለው ካቶሊካዊ ፈረንሳዊ ሊቅ ከፓዱዋ ወጣቱ አይሁዳዊ ምሁር ፊሎሴኖ ሉዛቶ የላከውን ጥያቄ ለቤተ እስራኤል ካህን ለአባ ይስሐቅ አቅርቦ ስለ እምነታቸውና ስለ ሥርዓታቸው የሰጡትን መልስ መዘገበ። በ1862 እ.ኤ.አ. ከቤተ እስራኤል ካህናት ወደ ኢየሩሳሌም የተጻፈ ደብዳቤ ወደ ቅድስት አገር የሚመለሱበት ጊዜ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀ። በዚያው ዓመት አባ መሃሪን የተከተሉ ብዙ ሰዎች በእግራቸው ወደ ቀይ ባሕር ሊሄዱ ተነሥተው በመንገድ አለቁ። በ1904 እ.ኤ.አ. ዣክ ፋይትሎቪች የተባሉ፣ በፖላንድ በሎድዝ ከተማ የተወለዱ ምሁር ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ወጣቱን ታምራት አማኑኤልንም ወደ አውሮፓ ወስደው አስተማሩ። አቶ ታምራት በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መሩ፤ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወርር ተሰደው፣ ከነጻነት በኋላ ተመልሰው አገራቸውን አገለገሉ። የፋይትሎቪች ወረቀቶች በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ። በወለቃ የተወለዱት አቶ ዮና ቦጋለም የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ፤ በዓላትን የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያም በአማርኛ አወጡ።

ሐ. አዋጅ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጅ ሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ባይሰደቡ ኖሮ አዋጁ ባላስፈለገ ነበር። ስለዚህ ይህ ወረቀት የመንግሥትን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የገበያውን አንደበትም ይመሰክራል።

መ. የመለያ ወረቀት። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. ባሉት ወራት 8,000 ያህል ቤተ እስራኤል ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ወደ ሱዳን በእግር ሲጓዙና በመጠለያ ሰፈሮች ውስጥ የሞቱት 4,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ 14,325 ሰዎች ከአዲስ አበባ ተጓዙ። ቤተሰብ እንዳይለያይ ቁጥር ያለበት ትንሽ ወረቀት በግንባራቸው ላይ ተለጠፈ። የመቶዎች ዓመታት ጎረቤትነት የተዘጋው በዚያች ወረቀት ነበር።

5. ወሬና ምስክር

ስለ ቤተ እስራኤል በገጠራችን ለረጅም ዘመን ሲወራ የኖረው ሌላ ነው። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባለ፤ ሰው ቢታመም «ቡዳ በላው» ተብሎ አንጥረኛው ተጠረጠረ። ሐጋር ሳላሞን የተባሉ የኢየሩሳሌም ተመራማሪ በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤልን ጠይቀው በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህ ስም በጎረቤቶቹ መካከል ምን ያህል ጥልቅ አጥር እንደሠራ አሳይተዋል። የቤተ እስራኤልም ሥርዓት ከሌላው ጋር መነካካትን ይከለክል ነበርና «አትንኩኝ» የሚል ስም ወጣላቸው። ሆኖም ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ መደጋገፉ አልቀረም። ጥቁሩ አፈር የሚታረሰው አንጥረኛው በቀጠቀጠው ማረሻ ነው፤ ወጡ የሚሠራው ሸክላ ሠሪዋ በጠፈጠፈችው ድስት ነው። ቀን ሥራውን ገዝቶ እየበሉ ማታ ስሙን ማጥፋት ከባድ በደል ነው።

ወሬ ስም፣ ቀን፣ ዋጋና እማኝ የለውም፤ ስለዚህ የሚጠየቅበት ሰው የለም። ውልና ደረሰኝ ግን እነዚህ ሁሉ አሉት። በውል ላይ ሻጭና ገዢ እኩል ይቆማሉ፤ ሁለቱም ስም አላቸው፤ ሁለቱም ግዴታ አለባቸው። ሆኖም ወረቀት ሁሉ እውነት አይደለም። ከላይ ያየነው የ1668ቱ ውሳኔ ራሱ በጽሑፍ የቀረ ነው። ስለዚህ ወረቀት ስናነብ ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ማን ጻፈው? ለምን ጥቅም ጻፈው? የማንን ድምፅ ተወው?

ስምንተኛው ትእዛዝ በባልንጀራችን ላይ በሐሰት እንዳንመሰክር ያዘናል። በሐሰት የሚመሰክረው በችሎት ፊት የቆመ ብቻ አይደለም፤ ያላየውን የሚያወራ፣ የሰማውንም ሳይመረምር የሚያሳልፍ ሁሉ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ጥቅምት 28 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ባወጀው «ኖስትራ ኤታቴ» በተሰኘው ሰነድ የጌታችን ሕማም በዘመኑ በነበሩት አይሁድ ሁሉ ላይ ያለ ልዩነት ወይም በዛሬዎቹ ላይ እንዳይላከክ አስተምሯል፤ በአይሁድ ላይ የሚደረገውን ጥላቻና ስደትም አውግዟል። ይህ ትምህርት ለአውሮፓ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ለእኛ «ቡዳ» የሚለውን ቃል ከአንደበታችን ማውጣት ማለት ነው፤ ዛሬም በየመንደሩ በዚሁ ስም የሚጠሩ የእጅ ባለሙያዎች አሉና።

6. ምን እናድርግ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በየቤታችንና በየቁምስናችን ያለው ወረቀት ምስጥ፣ ጭስና እርጥበት ያጠፋዋል። በፎገራ ሜዳ ደግሞ ክረምት ሲሆን ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈስሱ ውኃው ቤት ድረስ ይገባል። ስለሆነም የሚከተለውን እንመክራለን።

አሮጌ ውል፣ ደረሰኝ፣ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አድርገን ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ እናኑር። የተቀደደውን በሚያጣብቅ ፕላስቲክ አንለጥፍ። የማን እንደሆነ፣ የት እንደተጻፈ፣ መቼ እንደሆነ በሌላ ወረቀት ላይ ጽፈን አብረን እናስቀምጥ። የቁምስናው የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ በተለይ ይጠበቅ። አረጋውያንን ስንጠይቅ «ምን ይባላል?» ከማለት ይልቅ «አንተ ራስህ ምን አየህ? ከማን ገዛህ? ማን ሠራልህ?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም ከነቀኑ እንጻፍ። የሌላውን ሰው ወረቀት ያለ ፈቃዱ አናሳይ። ዋጋ ያለው መስሎ የታየንን በተለምዶ ወመዘክር ለሚባለው ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ማሳወቅ ይቻላል።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ኤርምያስ ከተማይቱ በተከበበች ጊዜ የእርሻ ውል ማስጻፉ ምን ያስተምረናል? ውሉ በሸክላ ዕቃ ውስጥ መቀመጡስ?

2. በአካባቢያችን የብረት፣ የሸክላና የሽመና ሥራ የሚሠሩት እነማን ናቸው? በምን ስም እንጠራቸዋለን? እነርሱ ፊት ባለን ጊዜስ ያንኑ ስም እንናገራለን?

3. ስለ አንድ ጎረቤት ወይም ወገን የምናውቀውን ሁሉ በሁለት ዓምድ ከፍለን እንጻፍ፤ በአንዱ ያየነውን፣ በሌላው የሰማነውን። የትኛው ዓምድ ረዘመ?

4. ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ሰው የእኛን ደረሰኞች፣ ውሎችና ደብዳቤዎች ቢያገኝ፣ ከጎረቤቶቻችን ጋር እንዴት እንደኖርን ከእነርሱ ምን ይረዳል?